ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ የለም ያለው ማነው?

አንድ ሐበሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እራት ልጋብዝህ በሉት። ክትፎው እንዴት ነው ብሎ አይጠይቅም። ማን ማን ይመጣል አይልም። መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ፓርኪንግ አለው?» ነው። «አለ» ካላችሁት ሁለተኛዋ ትከተላለች። «በነጻ?»

አልፈርድበትም። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የፓርኪንግን ነገር ከዳር እስከ ዳር እናውቀዋለን። ስንቶቻችን ታክሲ ነድተናል፣ ስንቶቻችን ዛሬም ኡበር ላይ ነን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጥተው እዚሁ የቀሩት ታላላቆቻችን ብዙዎቹ እንጀራቸውን የጀመሩት ዲሲ ውስጥ ከፓርኪንግ ነው። ምድር ቤት ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጠው፣ በአንድ ዓይን መጽሐፍ በሌላው መኪና እያዩ ዲግሪ የያዙ አሉ። አሁንም ዳውንታውን ዲሲ የፓርኪንግ ሕንፃ ስትገቡ «ሐበሻ ነህ?» የሚል ድምፅ መስማት ብርቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ታዲያ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ግራ ይገባናል። ዞረን ዞረን ስንናደድ እራቱን ትተን የምንመለስም አለን። «ምግብ ቤቶቻችንን እየገደለ ያለው ፓርኪንግ ነው፣ ካውንቲው መንገዱን ሁሉ በነጻ ያድርግልን» የሚል ወሬም ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲያውም መንገዱን ሁሉ በነጻ ቢያደርጉት መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚሁ ምግብ ቤቶች ናቸው ባይ ነኝ።

ከተማዋን ለማታውቁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ጫፍ ጋር የተጣበቀች የሜሪላንድ ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ 81 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ከንቲባ የላትም። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ፓርኪንጉንም እንዲሁ። ካውንቲው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ነው፣ ሐበሻም ሞልቶበታል። መሀል ከተማዋ ትንሽ ናት። ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት ጎን ለጎን ይወርዳሉ፣ ዌይን፣ ቦኒፋንት፣ ቴየርና ሲልቨር ስፕሪንግ አቬኑ ያቋርጧቸዋል። የኛ ምግብ ቤቶች፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡት ሱቆች፣ ቡና ቤቶቹ በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ናቸው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ፌንተን ቁሙና እዩ። አንድ መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። «ደርሻለሁ፣ የት ላቁም?» ከውስጥ የተቀመጠው ጓደኛው ጥብሱን እያኘከ «አንድ ጊዜ ዙር፣ አሁን የሚወጣ አይጠፋም» ይለዋል። ይዞራል። ተመልሶ ያልፋል። አሁን ፊቱ ተቀይሯል። እንጀራ መሸጫው ፊት ደግሞ ሁለት መኪናዎች ፍላሸር አብርተው መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል። «አንድ ደቂቃ ነው፣ እንጀራ ይዤ ልውጣ» ብለው ነው። እንጀራው ግን ወረፋ አለው፣ ወረፋው ላይ ደግሞ የአገር ሰው አለ፣ ከአገር ሰው ጋር በአንድ ደቂቃ ሰላም ተባብሎ የወጣ ሐበሻ አይቼ አላውቅም። ከኋላ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ይለቀዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዌይን አቬኑና ኤልስወርዝ ላይ የካውንቲው ትላልቅ የፓርኪንግ ሕንፃዎች ቆመዋል። ከፌንተን አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሌሎችም በየአቅጣጫው አሉ። ታችኛዎቹ ፎቆች ይሞሉ ይሆናል። ላይኛው ፎቅ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ሁለት ቡድን አዋቅራችሁ ኳስ ብትጫወቱበት የሚከለክላችሁ አጥር ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሕንፃዎች ለብዙ ዓመታት ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ በነጻ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ሰዓቱም ዋጋውም በየበጀቱ ስለሚለዋወጥ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሳያነቡ መግባት አይመከርም። ግን ነጻ በነበሩበት ማታ ሁሉ ፌንተን ላይ የሚዞረው ይዞር ነበር። ነጻ ቦታ አምስት ደቂቃ ርቆት ተቀምጦ እያለ። ስለዚህ የምንፈልገው ነጻ ፓርኪንግ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። የምንፈልገው በሩ ላይ የሚገኝ ነጻ ፓርኪንግ ነው። በር ላይ ደግሞ ያለው ቦታ ሦስት ወይም አራት መኪና ቢይዝ ነው። ሰው የሚሄድበት ደህና ምግብ ቤት ከሆነ ያ ቦታ በምንም ተአምር ለሁሉም አይበቃም። ሁልጊዜ በሩ ላይ ቦታ የሚገኝበት ምግብ ቤት ካያችሁ ምግቡን ጠርጥሩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ ይህን ፈተና ድሮ ተፈትናበታለች። እ.ኤ.አ. በ1938 ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ በሚገናኙበት ጥግ የገበያ ማዕከልና ሲልቨር የሚባለው ሲኒማ ተሠሩ። የገበያ ማዕከሉ በዚያ ዘመን ጉድ ነበር። ሱቆቹን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ከፊት ለፊት መኪና ማቆሚያ ሠሩ። ያኔ ነጋዴ ሁሉ የሚያምነው ዕቃህ መስኮት ላይ፣ መስኮትህ መንገድ ላይ መሆን አለበት ብሎ ነው። እነሱ ግን መኪናን ከዕቃ አስቀደሙ። በአገሪቱ ይህን ካደረጉት ቀደምት የገበያ ቦታዎች አንዱ ነው ይባላል። ሠራም። ከተማዋ ከዲሲ ውጪ ካሉት ትልልቅ የገበያ ሥፍራዎች አንዷ ሆነች።

ከዚያ በ1960 ጥቂት ማይል ርቆ ዊተን ፕላዛ ተከፈተ። ሜዳ ሙሉ ነጻ ፓርኪንግ ይዞ መጣ። በመኪና ማቆሚያ ስፋት ከሜዳ ጋር የሚወዳደር መሀል ከተማ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትችለውን ያህል ሞከረች፣ ካውንቲው ቦታ ገዛ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ሠራ። ሰዉ ግን ቀረ። በ1980ዎቹ ትልቁ የሄክትስ መደብር ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት መሀል ከተማው ጭር አለ። ልብ በሉ፣ ያኔ ፓርኪንግ እንደ ልብ ነበር። መኪና ማቆም የፈለገ የትም ያቆም ነበር። የሚያቆምበት ምክንያት ግን አልነበረውም።

ከተማዋ የተመለሰችው በሌላ ነገር ነው። በ2003 የድሮው ሲኒማ ታድሶ ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት የቴሌቪዥኑ ዲስከቨሪ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን አመጣ፣ ቀጥሎ ኤልስወርዝ ላይ አዲሶቹ ሱቆች ተሠሩ። እና፣ ይህን ስናገር አላፍርም፣ ምግብ ቤቶች መጡ። ከዲሲዎቹ ሰፈሮች ከአዳምስ ሞርጋንና ከዩ ስትሪት ኪራይ ያባረራቸው፣ ወይም ከመጀመሪያውም እዚያ መግባት ያልቻሉ የኛ ሰዎች ፌንተንና ጆርጂያ ላይ ትናንሽ ቤቶች ተከራዩ። በ2018 ዲስከቨሪ ጥዬ ልሄድ ነው ሲል ብዙ ሰው ከተማዋ አበቃላት ብሎ ነበር። ወጥ ግን አልጠፋም፣ ቡናም አልጠፋም። ሰው ከጀርመንታውንና ከሎረል ድረስ እየነዳ ይመጣል። ፓርኪንግ ስለሞላባት አይደለም የሚመጣው። የሚበላና የሚያገኘው ሰው ስላለ ነው። ፓርኪንግ የተጨናነቀውም ለዚያው ነው።

አሁን ወደማይወደደው ጥያቄ ልምጣ። ከምግብ ቤቱ በር ላይ፣ የመጀመሪያዋ ቦታ ላይ የቆመችው መኪና የማን ናት?

የባለቤቱ ናት። ሁሉም እንደዚህ ነው አልልም፣ ግን ዓይናችሁን ገልጣችሁ እዩ። ጠዋት ሲከፍት በሩ ላይ ያቆማታል። ሚተሩን፣ ማለትም የመንገድ ዳሩን የፓርኪንግ ቆጣሪ፣ በስልኩ እያደሰ ይውላል፣ ወይም ተቆጣጣሪው የሚመጣበትን ሰዓት ከራሱ ልደት ይበልጥ ያውቀዋል። ሁለተኛዋ የወንድሙ ልጅ ናት። ሦስተኛዋ የጎረቤት ፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ማታ ደግሞ ሰውየው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ «ደንበኛ ፓርኪንግ እያጣ ሄደብኝ» ይላችኋል። ጋሼ፣ ደንበኛውን ያሳጣኸው አንተ ነህ። ያቺ ቦታ በየሰዓቱ ሰው ቢቀያየርባት በቀን አሥር ደንበኛ ታወርድልህ ነበር።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሚተር የተተከለው ኦክላሆማ ሲቲ ላይ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1935 ነው፣ በፈረንጆቹ። በሰዓት አምስት ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። መሀል ከተማው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸውን ገትረው እስከ ማታ ስለማይነሱ፣ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚቆምበት አጣ። ሚተሩ የተፈለገው እነዚያን መኪናዎች ከበሩ ለማንሳት ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላም ችግራችን ያው ነው፣ ምንም ፈቅ አላለም።

በዚህ ጉዳይ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሰው ነበር። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ የዩሲኤልኤ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው ያረፈው። ዌስትዉድ ቪሌጅ በምትባል የሎስ አንጀለስ ትንሽ የገበያ ሰፈር ውስጥ ሰው ርካሽ ቦታ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚዞር አጠና። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ የሚዞረው ሦስት ደቂቃ ከምናምን ብቻ ነበር። ሲደመር ግን በዓመት 950 ሺህ ማይል ገደማ ሆነ። ለዚያች ቁራሽ ሰፈር። ሹፕ የሚለው ነገር ቀላል ነው። የመንገድ ዳር ቦታን ዋጋ በየብሎኩ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ በሚያስገኝ ልክ አድርጉት። ገንዘቡን ደግሞ ወደ ትልቁ ካዝና አትክተቱት፣ እዚያው መንገድ ላይ አውሉት።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦልድ ፓሳዲና ይህን በ1993 ሞከረችው። የድሮ መሀል ከተማ ነበር፣ ተበላሽቶ የቀረ። ሚተር ሊተከል ነው ሲባል ነጋዴው ደንበኛችንን ልታባርሩ ነው ብሎ ተቃወመ። ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል፣ በእናንተው መንገድ ላይ ይውላል ሲባሉ ተስማሙ። በሰዓት አንድ ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ የእግረኛ መንገዱን ጠገኑ፣ ዛፍ ተከሉ፣ መብራት አቆሙ፣ ጓሮ መተላለፊያዎቹን አጸዱ። ሰፈሩ ዛሬ በአካባቢው ከሚጎበኙት አንዱ ነው። የኛ ሰው «ሚተር ገበያ ይገድላል» ሲል እዚያች ከተማ ያለውን አላየም።

ነጻ ነው የምንለው ደግሞ ከየት ነጻ ሆኖ? ቨርጂኒያ ቤይሊስ ክሮስሮድስና አሌክሳንድሪያ የሚሄደው ሰው «እዚያ ፓርኪንግ በሽ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ምግብ ቤቱ ያለው ሰፊ አስፋልት ባለው የሱቅ መደዳ ውስጥ ነው። ያን አስፋልት ግን ባለ ሕንፃው በኪራይ ውስጥ ያስገባዋል፣ ተከራዩ በክትፎው ዋጋ ውስጥ ያስገባዋል። በእግሩ የመጣውም፣ በአውቶቡስ የመጣውም ይከፍለዋል። ፎቅ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። በፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የመኪና ቦታ ለመሥራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ እየከፈለ ነው።

እስካሁን የነጻውን ነገር ሳጥላላ ቆየሁ። አንድ ወገን ግን አለ፣ ፓርኪንግ በእውነት የሚጎዳው። እሱን ሳናነሳ ስለ ደንበኛ ብቻ ማውራት ያሳፍራል።

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገብተው ወጥ ይሠራሉ። ቀይ ወጡን ይጥዳሉ፣ ምስሩን ይለቅማሉ፣ ጎመኑን ይከትፋሉ። መኪናቸው ሁለት መንገድ ወረድ ብላ ሚተር ላይ ናት። የሚከፈለው በስልክ አፕ ነው፣ አፑ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ያለችው ልጃቸው ከክፍል ሆና ታድስላቸዋለች። ልጅቷ ፈተና ላይ ከሆነች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ እጃቸውን እየጠረጉ ይሮጣሉ። ሽንኩርቱ እሳት ላይ እያለ። አንዳንድ ቀን ይደርሳሉ፣ አንዳንድ ቀን መስታወቱ ላይ ወረቀቷ ተለጥፋ ትጠብቃቸዋለች። ያች ወረቀት የግማሽ ቀን ልፋታቸውን ይዛ ትሄዳለች። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ያው የመንግሥት ድርሻ ነው» ይላሉ፣ ይስቃሉም። እኔ አልስቅም።

ከዚህ ለማምለጥ መኪናቸውን መኖሪያ ቤቶቹ አካባቢ የሚያስገቡ አሉ። እዚያ ደግሞ የነዋሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰሌዳ አለ፣ ቅጣቱም አይቀርም። ባንክ ጓሮ ወይም ሱፐርማርኬት ፊት «ለደንበኞች ብቻ» የሚል ቦታ ላይ የሚያቆሙም አሉ። ከዚያ የመኪና ጎታቹ ይመጣል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሶ ወጥቶ፣ መኪናውን ካቆመበት አጥቶ፣ በዚያ ሰዓት ለጎታቹ ገንዘብ የሚያፈላልግ አስተናጋጅ ያየ ሰው የፓርኪንግ ጉዳይ የባለ መኪና ቅንጦት ነው አይልም።

ለእነዚህ ሰዎች መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ካውንቲው በሕንፃዎቹ ውስጥ በወር የሚከፈል ፈቃድ ይሸጣል። ዋጋው የታሰበው ለቢሮ ሠራተኛ ነው። የቢሮ ሠራተኛው ግን ከ2020 ወዲህ ግማሹን ሳምንት ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። ላይኛው ፎቅ ባዶ የሆነው በከንቱ አይደለም። ያንን ባዶ ቦታ ለምግብ ቤት፣ ለፀጉር ቤት፣ ለጽዳት ሠራተኛ በጥቂት ገንዘብ ይስጡ። በነጻም ቢሆን ካውንቲው የሚያጣው ነገር ብዙ አይደለም፣ ሲሚንቶው እዚያው ነው። በምትኩ የመንገድ ዳሩ ቦታ ለደንበኛ ይለቀቃል። ነጻ የሚባል ነገር መስጠት ካስፈለገ እዚህ ላይ ይስጡ።

አንዳንድ ሚተር ላይ ያለው የሁለት ሰዓት ገደብም መታሰብ አለበት። ሚተሩ ሁለት ሰዓት ሲል ሳንድዊች በልቶ የሚሄድ ሰው አስቦ ነው። የኛ እራት በሁለት ሰዓት አያልቅም። ጥሬ ሥጋው አለ፣ ጨዋታው አለ፣ ከዚያ ቡናው ይቀጣጠላል። አቦል ተጠጥቶ ሊነሳ ያለውን ሰው ቶናና በረካ ሳይጠጣ ማን ይለቀዋል? ለዚህ ዓይነት እራት መንገድ ዳር ሳይሆን ሕንፃው ነው የተሠራው። ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አምስት ደቂቃ ቢራመድ ምን ይሆናል? መንገድ ዳሩ እንጀራ ይዞ ለሚወጣው ይቅርለት። ለእሱማ ሩብ ሰዓት በነጻ የሚያቆምበት ቦታ በሱቁ ፊት ቢደረግለት እኔም እደግፋለሁ፣ ያ ፍላሸርም ይጠፋልናል።

ራመድ በሉ ስል የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። እናቴን ይዤ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሕንፃው ያስፈራል። እናታችሁን በሩ ላይ አውርዳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ላለው ደግሞ የራሱ ቦታ አለ፣ ያንን ቦታ «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎ የሚይዝ ሰው ላይ ምንም አዘኔታ የለኝም። ብርዱ ብርድ ነው፣ ታኅሣሥና ጥር አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። ሕንፃው ያስፈራል የሚለው ግን ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ደረጃው ይሸታል፣ አንዳንዱ አምፖል ይንቀጠቀጣል፣ አሳንሰሩ ባለበት ሰዓትም አለ በሌለበት ሰዓትም አለ። አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን እዚያ መግባት ባትፈልግ አልፈርድባትም። ካውንቲው ከምንከፍለው ገንዘብ መጀመሪያ ሊያወጣው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ መብራት፣ ጽዳት፣ የሚዘዋወር ጥበቃ።

ቦኒፋንት ላይ ያሉት ነጋዴዎች ደግሞ ከሁላችንም የተለየ ቅሬታ አላቸው። ፐርፕል ላይን የሚባለው የባቡር ሥራ በ2017 ተጀመረ፣ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ወጣ፣ መንገዱ ለዓመታት ታጥሮና ተቆፍሮ ቀረ። በራቸው ላይ የነበረው ፓርኪንግ ተወሰደ፣ ሰው በአጥር መሀል ሱቃቸውን ማግኘት አቃተው። ለእነሱ «ሰው ይራመድ» ማለት አይበቃም። የሚገባቸው ካሣ ነው፣ ካሣ ደግሞ በሚተር አይተካም።

ስለ ነጻ ነገር ካነሳን አይቀር፣ የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ በ2025 ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኗል። ተሳፋሪ ምንም አይከፍልም። ይህንን ለስንት ሰው ስነግር «እንዴ፣ እውነት?» ይለኛል። ከዊተን ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚመጣ ሰው፣ በተለይ ሁለት ሦስት ቢራ ሊጠጣ ላሰበ፣ ከዚህ የተሻለ ነጻ ፓርኪንግ የለም። መኪናው ቤቱ ይቆማል።

አንድ ሌላ ዓይነት ነጻ ፓርኪንግ አለ፣ ስለ እሱም ዝም ብል አይሆንም። ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ሕንፃ በር ላይ ደርሳችሁ ሠራተኛው ያያችኋል። «ሐበሻ ነህ? ግባ የኔ ልጅ፣ እዚያ ጥግ አስጠጋት፣ ቁልፉን ተውልኝ።» ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ገብቻለሁ። ግን ዛሬ እነዚያ ሕንፃዎች ካሜራና ቆጣሪ አላቸው፣ የገባውና የተከፈለው ካልገጠመ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኛ ሃያ ዶላር አተረፍን ብለን እንኩራራለን፣ ሰውየው ግን ሥራውን ያስይዛል። አይሆንም፣ ክፈሉለት፣ ጉርሻም ጨምሩለት።

ፌንተን ላይ ያላችሁ ባለ ምግብ ቤቶች ደግሞ ሥራ አለባችሁ። ቲክቶክ ላይ ክትፎ ስታሳዩን፣ ከሥሩ የቅርቡን የፓርኪንግ ሕንፃ አድራሻ ጻፉ። በየትኛው መንገድ እንደሚገባ፣ በየትኛው በር ወጥቶ ወደ እናንተ እንደሚመጣ፣ ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አንሱ። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ሲደውል ፓርኪንግ የለም አትበሉት፣ እዚህ ግባ በሉት። ሕንፃ ገብቶ ለከፈለ ደንበኛ ከቡናው ብትቀንሱለት ደግሞ በጀታችሁን አያናጋም። መኪናችሁንም ከበሩ አንሱ።

ካውንቲውን በተመለከተ፣ ሰሌዳው ሦስት ዓይነት ሰዓት፣ ሁለት ዓይነት ቀስት ይዞ ለፈረንጁም አይገባም። ካውንቲው ብዙ ወረቀቶቹን በአማርኛ ይተረጉማል፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ትምህርት ቤት። የፓርኪንግ ሰዓትና ዋጋ በአማርኛ በአንድ ገጽ የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። የፓርኪንግ ዋጋ የሚወሰነው ከካውንቲው በጀት ጋር ነው። ሥራ አስፈጻሚው በመጋቢት አጋማሽ በጀቱን ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ በሚያዝያ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ በግንቦት መጨረሻ ያጸድቃል፣ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ ይውላል፣ ይህም በፈረንጆቹ ነው። ሚያዝያ ላይ ለሚደረገው ስብሰባ ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል፣ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዘንድሮ ለሠራተኞች የወር ፈቃድ ይሰጥ፣ የሚተሩ ገንዘብ በሕንፃዎቹ መብራትና ጽዳት ላይ ይዋል ብሎ የሚናገር አንድ ባለ ምግብ ቤትና አንዲት ወጥ ሠሪ ያስፈልጉናል። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የሚያቆሙበትን ደግሞ እኔ አሳያቸዋለሁ።